ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ሴት

አዛለች መስቀሉ መዘቅዘቁን ያየችው የመጨረሻዋን ክር በጥርሷ በጥሳ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ስታደርገው ነው። ረጅሙ የመስቀሉ እግር ሽቅብ ወደ አንገቱ ወጥቷል፤ አጭሩ ራስ ቁልቁል ወደ ወገቡ ወርዷል። መጀመሪያ ቀሚሱን ገልብጣ የያዘችው መሰላት። አዞረችው። አንገቱ ከላይ፣ ዘርፉ ከታች፤ ቀሚሱስ ልክ ነው። የተገለበጠው መስቀሉ ነው።

"በስመ አብ" አለችና ከእግር ስፌት መኪናው ፊት ያለው በርጩማ ላይ ዘፍ አለች።

ቀሚሱ የብርቱካን የሠርግ ቀሚስ ነው። ሠርጉ ከነገ ወዲያ፣ እሑድ ነው። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ እቴነሽ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይወስዱታል። ጨርቁ ስስ ሸማ ስለሆነ ጥልፉ ቢፈታ የመርፌው ቀዳዳ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ እዚያው ይቀራል። ደግሞ የሚቀረው ጀርባ ላይ ነው። ሙሽራ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ስትቆም ሰው ሁሉ የሚያየው ጀርባዋን ነው።

እንዴት እንዳጠፋችው ወዲያው ገባት። ጨርቁን በእንጨቱ ቀለበት ወጥራ ጥልፉን የጀመረች ዕለት ጆሮዋ እዚህ ቤት ውስጥ አልነበረም። ውጭ ነበር። እንደ አሁኑ።

ከአጥሩ ማዶ፣ ከኮብልስቶኑ መንገድ ላይ፣ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ከጫጫታው መካከል ወፈር ያለ የትልቅ ሴት ሳቅ አለ።

"መስመር ረገጥሽ!"

"አልረገጥኩም!"

"ረግጠሻል! ሁላችንም አይተናል!"

"እናንተ ሁላችሁም ዐይናችሁን ታማችኋል!"

ከዚያ በአንድ እግር የመዝለል ድምፅ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ዐይናችሁን ታማችኋል ባይዋ የአዛለች ልጅ መሰረት ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው።

መሰረት ከሪያድ የተመለሰችው ጥቅምት ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ሰሞን ግድግዳ ስታይ ትውል ነበር። ሲጠሯት ቆይታ ነው "አቤት" የምትለው። ምግብ ሲቀርብላት ትበላለች፤ ካልቀረበላት አትጠይቅም። አዛለች ያኔ አልፈራችም ማለት አይቻልም፤ እሷ የማትፈራበት ቀን የለም። ግን ጎረቤቱም "ደክሟት ነው፣ የሰው ቤት ሥራ ነው" ብሎ ተቀብሎላት ነበር። ዝም ያለች ልጅ ጨዋ ትባላለች።

ነገሩ የተለወጠው ከገና ወዲህ ነው። ጨው እንድትገዛ የላከቻት ልጅ ብትቆይባት አዛለች ወጥታ አየች። መሰረት ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሸብ አድርጋ ከሰፈሩ ሕፃናት ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትዘላለች። በማግስቱም እንደዚያው። በሳልስቱም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ አንዲት ጎረቤት ክንዷን ያዝ አድርጋ "እግዜር ይማርልሽ" አለቻት። አዛለች ማን እንደታመመባት ልትጠይቅ አፏን ከከፈተች በኋላ ነው የገባት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገን በክፉ በክፉው ስትስል ታድራለች። ነገ መሰረት ልብሷን ጥላ ገበያ መሀል ትወጣለች። ነገ ከጭነት መኪና ፊት ትገባለች። ነገ ማንም በማያውቀው መንገድ ትሄዳለች፤ ሬሳዋን የሚያገኘው እረኛ ነው። የአዛለች ታላቅ ወንድም ካሳሁን ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆየና አንድ ቀን ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረ፦ "ነገር ሳይበላሽ ጣራ ገዳም እናስገባት። ጠበሉን ትጠመቅ።"

"እሺ ባትልስ አያ?"

"አዲስ ዘመን ያለችውን አክስትሽን እንጠይቅ እንላታለን። እዚያ ከደረስን በኋላ የት ትሄዳለች?"

አዛለች እሺ አለች። መንገዱ ክፍት ከሆነ የሚሄዱት ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። አሮጌ ነጠላ፣ ብርድ ልብስና በሶ አዘጋጅታ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ ከአልጋዋ ሥር ገፍታዋለች። መሰረት ምንም አታውቅም።

አሁን ደግሞ ይኼ። የተዘቀዘቀ መስቀል። አዛለች እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይመጣም ብላ የምታምን ሴት ናት።

በሩ ተበረገደ። መሰረት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯ አቧራ ለብሶ፣ ፊቷ በላብ ወዝቶ ገባች።

"እማዬ፣ ቤቱን ሁሉ ገዛሁባቸው! አንዲት ቤት አላስተረፍኩላቸውም!"

"በሩን ዝጊው።"

"ምን ሁነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለሳ!"

አዛለች ቀሚሱን ዘረጋችላት። መሰረት አየችው። አንገቷን ዘንበል አደረገች። ይበልጥ ዘንበል አደረገች። ፀጉሯ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ራሷን ቁልቁል ደፋችና ከዚያ ሆና ሳቀች።

"ብርቱካን በእጇ ቆማ ከተዳረችማ ልክ ነው!"

"ትስቂያለሽ? ትስቂያለሽ አንቺ?" አለች አዛለች። "የሰው ሠርግ አበላሽቼ! ካሁን በኋላ ማን ነው ለእኔ ሸማ የሚሰጥ? የምንበላው ከዚች መኪና አይደለም?"

መቀሱን አነሳችና መስቀሉን መፍታት ጀመረች። የመጀመሪያዋን ክር ስትስብ ሸማው አብሮ መጣ። ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተ። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለተኛዋን ክር ፍለጋ መቀሱ ጨርቁን ሊበላ ሲል መሰረት የእናቷን የእጅ አንጓ ያዘች።

"ተይ እማ። በዚህ እጅ ጥልፍ አይፈታም።"

"በየትኛው እጅ ልፍታው ታዲያ? ሌላ እጅ አለኝ?"

"ትንሽ ቁጭ በይ።"

"ጊዜ የለኝም!"

"ይኼው ቁጭ ብለሽ አይደል የምትጮሂ። መሬት ቁጭ በይ።" እጇን ስባ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። ከሹራቧ ኪስ እፍኝ ጠጠር አውጥታ በተነችው።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ጠጠር።"

"ጠጠር መሆኑንማ አላጣሁትም!"

"ቅልልቦሽ ነው። አንድ ዙር ብቻ። እጅሽ ሲረጋ ትፈችዋለሽ።"

"አብደሻል?"

አዛለች ቃሉን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። መሰረት ዐይኗን ከጠጠሮቹ አላነሳችም። ቀስ ብላ ተነስታ በሩን ዘጋችው። የመስኮቱንም መጋረጃ ሳብ አደረገችው።

"በቃ፣ ማንም አያይሽም" አለች።

አዛለች ያደገችው ጋፋት አጠገብ ካለ መንደር ነው። ምንጩ ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅ በቅልልቦሽ የሚችላት አልነበረም፤ እንስራቸው ሞልቶ እየፈሰሰ ጨዋታውን ያልጨረሱበት ቀን ብዙ ነው። ዘጠነኛ ክፍልን ሳትጨርስ ተዳረች። ከተዳረች ወዲህ ጠጠር የነካችው ከምስር ውስጥ ስትለቅም ብቻ ነው።

አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወረወረች፤ ከመሬት አንዷን ልታነሳ ስትል የተወረወረችው ጉልበቷን መትታ ተንከባለለች።

"ኧረ እማዬ፣ አትነክስሽም እኮ!"

"ዝም በይ። ታስቺኛለሽ።"

ደግማ ወረወረች። ያዘቻት። አንድ በአንድ ለቀመች፤ ሁለት ሁለቱን ስትጀምር ሳተች። መሰረት ተራዋን ወስዳ ፈጠን ፈጠን እያለች ለቀመችና ሦስቱን በአንድ ላይ ስታፍስ አዛለች እጇን ያዘችባት።

"ነካሻት! ያቺን ነካሻት፣ አይቻለሁ!"

"አልነካሁም!"

"በይ በጊዮርጊስ በይኛ!"

"ለጠጠር ጊዮርጊስን አልጠራም።"

"ነክተሻል ማለት ነው! አምጭ፣ ተራዬ ነው።"

እጇ አስታወሰ። አዛለች ራሷ ያላዘዘችውን ጣቶቿ ያውቁት ነበር፤ መዳፏ ይገለበጣል፣ ይጠርጋል፣ ይጨብጣል፣ ከአየር ላይ የወረደችውን ጠጠር ሳያይ ይቀበላል። አራቱን በአንድ ጊዜ አፍሳ አምስተኛዋን ከላይ ስትቀልባት ከሆዷ የሆነ ድምፅ ወጣ። የራሷ ሳቅ ነው። መሰረት አፏን ይዛ አየቻት።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ ሌባ ነሽ! ይኼን ሁሉ ዓመት ደብቀሽኝ!"

"ገና መቼ አየሽ።"

ሲጫወቱ መሰረት እንደ ዋዛ ማውራት ጀመረች።

"እዚያ ሪያድ የወጥ ቤቱ ወለል ሸክላ ነበር። አራት ማዕዘን፣ ነጭና ግራጫ። እመቤቲቱ ከውጭ ቆልፋብኝ ነው የምትተኛ። ስልኬም እሷ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ወለሉን ሳየው ሰኞ ማክሰኞ ተሰምሮ የተቀመጠ መሰለኝ። የሎሚ ልጣጭ ወረወርኩና ዘለልኩ። በባዶ እግሬ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ከዚያ በየቀኑ። ለራሴ አጭበረብራለሁ፣ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።" ጠጠሯን ወረወረች፤ ያዘቻት። "ያኔ ባልጫወት ኑሮ ነበር የማብድ፣ እማ። እዚህ እንደመጣሁ ሁሉም ነገር ጠፍቶብኝ ነበር። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያሰምሩ ሳይ እግሬ ራሱ ሄደ።"

አዛለች የተበተኑትን ጠጠሮች ሰብስባ ሰጠቻት። "ተራሽ ነው" አለቻት።

በመጋረጃው የሚያልፈው ብርሃን ወደ ግድግዳው መሸሹን ስታይ ነው ደንግጣ የተነሳችው። ስልኳን ከስፌት መኪናው መሳቢያ አወጣች። ካሳሁን ደጋግሞ ደውሏል። አልሰማችም። እሷ፣ ስልክ ሳይጠራ የጠራ የሚመስላት ሴት፣ ሲጠራ አልሰማችም። ማን ሞተ ብላ መልሳ ደወለች።

"የት ጠፍተሽ ነው?" አለ ካሳሁን። "ለነገ መኪና አግኝቻለሁ። አመሻሽ ላይ እመጣለሁ።"

"ሌላ… ሌላ ነገር የለም? ሁሉም ደኅና?"

"ምን ይሆናል?"

"እሺ" አለች በሹክሹክታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ስልኩን ከዘጋች በኋላም እዚያው ቆመች። ሲጫወቱ፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ ምንም አልፈራችም ነበር። ምንም አልጠበቀችም ነበር። ማንም አልሞተም፤ ጣራውም አልወደቀም።

ዞር ስትል መሰረት ቀሚሱን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ጠጠሮቹን በጥልፉ ዙሪያ ትደረድራለች።

"መስቀል ላይ አትቀልጂ!"

"መስቀሉን አልነካሁም፤ ከጎኑ ነው። እይ፣ ይኼ ዶሮ ነው። ጅራት ሳደርግለት ደግሞ ቆቅ።"

"ቆቅ ጅራት አላት እንዴ?"

"የሙሽራ ቆቅ ናት።"

አዛለች ተቀምጣ አንዷን ጠጠር አነሳች። ወደ ታች፣ አጭሩ ክንድ ካለቀበት ቀጥሎ አኖረቻት። ሌላ ከሥሯ አኖረች። አሁን የታችኛው ክንድ ከላይኛው ጋር እኩል ሆነ። ዐይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ። ደግሞ ከግራ፣ ደግሞ ከቀኝ።

"ጠጠር ጨምሪልኝ" አለች።

አራቱም ክንዶች ሲስተካከሉ መስቀሉ ላይም ታችም አልነበረውም። እንዴትም ቢያዞሩት ልክ ነው። ቀዳዳው ባለበት ቦታ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ብታደርግ ይሸፈናል፤ አንዷ ሳጥን ደግሞ ብቻዋን ስለማታምር ሌሎች ይጨመሩላት። አዛለች ከተማረችው መስቀል ውጭ ጠልፋ አታውቅም፤ ሰው ያዘዛትን፣ ሌላው የለበሰውን ነው የምትጠልፈው። አሁን ግን መኪናው ላይ ተቀምጣ ስትረግጥ ሳጥኖቹ እንደፈለጉ ይወጡ ጀመር። አንደኛው ወገን ከሌላው በዛ። ልታስተካክለው ብላ ተወችው።

ወይዘሮ እቴነሽ የመጡት ጥልፉ እንዳለቀ ነው። ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይኼ ያዘዝኩሽ አይደለም።"

"አይደለም እትዬ።" አዛለች የምትዋሸውን አዘጋጅታ ነበር፤ ግን አልመጣላትም። "ተሳስቼ ዘቅዝቄው ነበር። ከዚያ አራቱን ክንድ እኩል አደረግሁት።"

"ዘቅዝቄው?" አማተቡ። "የልጄን መስቀል!"

"አሁንስ ይዩት።"

ከሩቅ እንድትይዘው አዘዟት። እስከ በሩ ሄደው ከዚያ አዩት። ተመልሰው መጥተው ሳጥኖቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

"ይኼኛው ወገን ከዚያኛው ይበዛል። ለምን?"

"እንዲያ ደስ አለኝ።"

"ደስ አለኝ!" ወይዘሮ እቴነሽ ቃሉን ቀምሰው የማያውቁት ምግብ አስመሰሉት። "ሰው ካማብኝ ግን ከሠርጉ መሀል አስጠርቼ አንቺኑ ነው መልስ የማሰጥሽ።" ቀሚሱን ራሳቸው አጠፉት። ሲያጥፉት ጥልፉ ከላይ እንዲታይ አድርገው ነው።

በሩ ዘንድ ሲደርሱ መሰረት ከጓዳ የውሃ ጆግ ይዛ ወጣች። ወይዘሮ እቴነሽ ድምፃቸውን ለስላሳ አደረጉ። የበሽተኛ መጠየቂያ ድምፅ።

"አይዞሽ ልጄ። ጠበሉ ፈዋሽ ነው። ነገ በጠዋት ነው የምትሄዱ አሉኝ። እኔም በጸሎቴ አልረሳሽም።"

"የት?" አለች መሰረት።

ወይዘሮ እቴነሽ እናትን አዩ፣ ልጅን አዩ፣ ቀሚሱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ወጡ።

"እማዬ፣ የት ነው የምንሄድ?"

"አዲስ ዘመን… አክስትሽን…"

"ጠበል አሉ እኮ።"

አዛለች ዐይኗን መሬት ጣለች። መሰረት ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ በጣም ቀስ ብላ፣ ውሃው እንኳ አልተነቃነቀም።

"ጠበል አልጠላሁም። እንሂድ ብትይኝ በእግሬ እሄድ ነበር። እያታለላችሁ ነው የምትወስዱኝ? እዚያ ስንደርስ ምን ልትሉ ነበር? እብድ አመጣን ልትሉ ነበር?"

"ሰው የሚለውን አትሰሚም? ትልቅ ሴት ሆነሽ መንገድ ላይ በአንድ እግርሽ…"

"አሁን ከእኔ ጋር ተጫውተሽ የለም እንዴ? ስቀሽ የለም?"

ወጣች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም።

አዛለችን የምታውቀው ፍርሃት ሁሉ አንድ ላይ መጣባት፤ የጭነት መኪናው፣ ገደሉ፣ እረኛው። ሸበጥ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ገብቶላት ወጥታ ሮጠች። ሩቅ አልሄደችም። መሰረት መንገዱ ላይ ተንበርክካለች። በሻሿ ጫፍ የጠመኔውን መስመር ትፈገፍጋለች። ግማሹን ሳጥን አጥፍታዋለች። ልጆቹ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተሰልፈው ዝም ብለው ያያሉ።

"ምን ትሠሪያለሽ?"

"አጠፋዋለሁ።" መፈግፈጓን አላቆመችም። "ካሁን በኋላ አልወጣም። ቤት እቀመጣለሁ። ዝም እላለሁ። አትውሰዱኝ።"

ቀና ስትል አዛለች ፊቷን አየችው። የጥቅምቱ ፊት ነው። ግድግዳ ሲያይ የከረመው፣ ሲጠሩት ዘግይቶ "አቤት" የሚለው። እንደዚያ ሆና ከተቀመጠች ጎረቤቱ ደስ ይለዋል። ማንም "እግዜር ይማርልሽ" አይላትም። አዛለች ሳምንታት ሙሉ በክፉ ሕልሟ ስትስላቸው ከነበሩት ነገሮች ሁሉ አንዱም እንደዚህ ፊት አላስፈራትም።

አጠገቧ ተንበረከከችና ሻሿን ከእጇ ወሰደች።

"ተይው።"

"ሰው እያየን ነው እማዬ።"

እውነትም ነው። ከሱቁ ደጃፍ የቆሙ አሉ። ከላይኛው ግቢ አንዲት ሴት ማጠቢያዋን ትታ አንገቷን አስግጋለች።

"ይዩ" አለች አዛለች። ድምፅዋ በጣም ከመቅጠኑ የተነሳ ከመሰረት በቀር የሰማት የለም።

ካሳሁን የመጣው ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል ነው። ባጃጁን ከበሩ ፊት አቁሞ ሳይቀመጥ ጀመረ።

"ጓዙ የታለ? ሹፌሩ ማልዶ ነው የሚነሳ።" ከካፖርቱ ኪስ አዲስ ጓጉንቸር አውጥቶ ስፌት መኪናው ላይ አኖረው። "እሷ ስትተኛ ከውጭ ቆልፊባት። አንቺ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ። ሰምታለች አሉ። ብትጠፋስ?"

"አንሄድም አያ።"

"ማለት?"

"ለመሳለም ከፈለገች ቀኑን እሷ ትንገረኝ፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ተታላ አትሄድም።"

"አንቺ ራስሽ አይደለሽ እያለቀስሽ የጠራሽኝ? ደግሞ ከሕፃን ጋር ስትዘል የምትውል ትልቅ ሰው ጤነኛ አይተሻል?"

"አንተ ባጃጅ ማቆሚያው ላይ በቢራ ቆርኪ ዳማ ስትጫወት አይደል የምትውል? ትናንት ከይሻው ጋር ተጣልተህ ቆርኪውን በትነህበታል አሉ።"

"ዳማ ሌላ ነው!"

"ምኑ ነው ሌላ?"

"ዳማ… ዳማ ጭንቅላት ይፈልጋል!" ካሳሁን እጁን አወናጨፈ። "ደግሞ ይሻው አጭበርብሮኝ ነው። ጠርዝ ላይ ያለችውን ቆርኪ ሳላይ አንስቶ…"

ከጓዳ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ሳል ይሁን ሳቅ አዛለች አልለየችውም። ካሳሁን ግን ፊቱን አጠቆረ።

"ይኼ የቀልድ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?"

"እኔ።"

"አትፈሪም?"

"እፈራለሁ እንጂ። ጠበል ብትገባም እፈራለሁ፣ ባትገባም እፈራለሁ። እኔ ስፈራ ነው የኖርኩ፤ ታውቀኛለህ። ለእኔ ፍርሃት ብዬ ግን ልጄን አልቆልፍባትም። ተቆልፎባት ኖራ ነው የመጣች።"

ካሳሁን ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ "ኋላ ወንድሜ አልነገረኝም እንዳትይ" ብሎ ወጣ። ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲወርድ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተሰማት። ጓጉንቸሩን ረስቶት ሄዷል።

መሰረት ከጓዳ ወጣች።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

"ተቆጣ?"

"ዳማውን ነካሁበት።"

መሰረት ልትስቅ አፏ ተንቀሳቀሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልሳቀችም። ገና ነው። ብርድ ልብሷን ተከናንባ አልጋዋ ላይ ተጋደመችና ፊቷን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እናቷ አደረገች።

ውጭ ብርዱ ከጉና ተራራ ወርዷል። አዛለች በሩን ዘጋችው። የበሩ መቀርቀሪያ ከላላ ቆይቷል፤ ካልተቆለፈ በነፋስ እንኳ ይከፈታል። ጓጉንቸሩን አንስታ አገላበጠችው። ቤቱን ስትቆልፍ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው የምትተኛው፤ መሰረት ከመጣች ወዲህ ደግሞ መቀነቷን ሳትፈታ ነው። ጓጉንቸሩን በውስጠኛው ቀለበት አሳለፈችው። ቁልፉን ይዛ ጥቂት ቆመች። ሌሊት ብትነሳስ? በሩን ከፍታ ብትሄድስ?

ሄደችና ቁልፉን ከመሰረት ትራስ አጠገብ፣ እጇ ከሚደርስበት ቦታ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሳ ጓጉንቸሩን በመዳፏ ተጫነችው፤ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።